የአዴር ጂብሪል ሳምቡክ ሸራ

ባለፈው ወር የአንድ ወንበር እግር ወለቀብኝና ወንበሩን በባጃጅ ጭኜ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወዳለች አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት ወሰድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ሳለሰልስ ኖሬ የገዛ ወንበሬን ለሰው ማስጠገኔ ያሳፍራል፤ ግን ዛሬ መዶሻዬ ከምስማሩ ይልቅ አውራ ጣቴን ይወዳል፣ ምን ላድርግ። ወጣቱ አናጢ ወንበሬን እያገላበጠ ሲያይ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ከውስጥ አንድ ሽታ መጣ። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚቀባው ከቆርቆሮ የሚቀዳ ቫርኒሽ ነው፤ ይሄ ልጅ ግን ከማን እንደተማረው እንጃ፣ ጎማላካ የሚባለውን ሙጫ በስፒሪቶ አሟሙቶ አንድ ጠረጴዛ በጨርቅ እያሸ ነበር። ጎማላካ የእኛ የድሮዎቹ ሙያ ነው። ያን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ዓመቴ! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈራሁ።

ፍርሃቴ ከንቱ አልነበረም። ወንበሩን ትቼ ስወጣ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ከውስጥ አንዲት ሴትዮ አንገቷን አሰገገች። ሰፊያ ነበረች፣ የአዴር ጂብሪል ልጅ። አዴር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ ጂብሪልን እኔም፣ የሰፈሩ ሰውም እንዲያ ነበር የምንጠራው።

«ዋርያ በላቸው! አቦ አንተ አልሞትክም እንዴ?»

«አንቺን ሳልቀብር?»

ሳቀች። ድሬ የሰባ ምናምን ዓመት ሴት ለሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አንተ ትለዋለች፤ አንቱታ እኛ ጋ የእንግዳ ቋንቋ ነው። ከሳቋ በኋላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰማህ ወይ? የልጄ ልጅ ነጃት አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ነይ ልውሰድሽና የአባትሽን ጀልባ አብረን እንፈልገው አለችኝ። ሙዚየም ቢሆን ሙዚየም፣ ቤተ መንግሥት ቢሆን ቤተ መንግሥት። ያኒ ጀልባው ቢጠፋ እንኳ ሸራውን ባየው ይበቃኛል። ጉልበቴን እያየኸው ነው፣ ሌላ ዓመት አልጠብቅም። ያስረከብካቸው አንተ ነህ፣ ለማን እንደሰጠህ ታውቃለህ። ዓርብ ናና ለነጃት ንገራት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ባጃጁ ሄደ፣ እኔ መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ቀረሁ። ምክንያቱም ሸራው አዲስ አበባ አልነበረም። ሸራው እኔ አልጋ ሥር፣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ነበር። እስከዚያ ቀን ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ድሬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ትተኛ ነበር። አሁንም ትተኛለች ይላሉ፣ የዛሬው ግን ማሸለብ ነው፤ የዚያን ጊዜው እንቅልፍ ነበር። ሱቆች ይዘጋሉ፣ የከዚራ መስኮቶች በሙሉ ይከደናሉ፣ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ዛፍ ሥር አንድ እግራቸውን አንሥተው ያንቀላፋሉ። ከአንዱ ቤት ራዲዮ የዓረብ ዘፈን ይሰማል፣ ከማዶ የሱማሌ ኡድ፣ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ሰሐን እያጠበች የምታንጎራጉረው የወሎ ዜማ። እኛ ጎረምሶቹ ካኪ ቁምጣችንን በስታርች አድርቀን፣ ፀጉራችንን በብሪልያንቲን አስተኝተን፣ ባቡር ሲገባ ጣቢያው በር ላይ እንገተራለን። የምንቀበለው ዘመድ ኖሮን አይደለም፤ ከጅቡቲ የሚመጡትን ሰዎች ጫማ ለማየት ነው። በስሙኒ ሁለት ሳምቡሳና በረዶ ያለበት አንድ ብርጭቆ ሎሚ ይገኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ደግሞ ጀመረው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ በሎሚው በኩል የማልፈው ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ ነው።

የምሠራው ሙሴ ኒኮላ የሚባል ግሪክ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ነበር። ድሬ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። ሌሎቹ ይቆርጣሉ፣ ይልጋሉ፣ ያጣብቃሉ፤ የመጨረሻው እጅ የእኔ ነው። በላቸው ጨራሹ ይሉኝ ነበር። የጎማላካ ሥራ ምሥጢሩ ጨርቁ ላይ ነው። አዲስ ጨርቅ ክር ይተፋል፣ እንጨቱን ይቧጭራል። መቶ ጊዜ የታጠበ፣ ፀሐይ የበላው፣ ላብ የጠጣ ያረጀ ጥጥ ሲሆን ብቻ ነው እንጨቱ ፊትህን የሚያሳይህ። ስለዚህ እኛ ጨራሾች ሰው ቤት ስንገባ ዐይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው አሮጌ ጨርቅ ላይ ነው። የማን አንሶላ እንደሳሳ፣ የማን ሸሚዝ ክርኑ እንደተበላ እናውቃለን። እናቴ ነጠላዋን እኔ ከምደርስበት ቦታ አታሰጣም ነበር። ያን ጨርቅ በውስጡ ጥጥ ጠቅልለን፣ ጎማላካውን እያጠጣን እናሻለን፤ ስንጨርስ እንዳይደርቅ ጣሳ ውስጥ እንከድነዋለን። ያልተከደነ ጨርቅ በማግስቱ ሰኮና ሆኖ ነው የሚገኘው።

ትንንሽ የእንጨት መርከብ መሥራት የጀመርኩት በዚያ በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ቀን መተኛት አልሆነልኝም፣ እጄም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ትልቅ ውሃ የደቻቱ ወንዝ ነበር፤ እሱም ዓመቱን አሸዋ ሆኖ ከርሞ አንድ ቀን ከተራራው ሲወርድ ድልድዩን ሊያነሣው ይደርሳል። መርከብ ያየሁት በግድግዳ ካላንደር ላይ ነው፤ ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ፣ ነጭ፣ ባንዲራዋ የሚውለበለብ። እሷን አይቼ ከሻይ ሳጥን ኮምፔንሳቶ ቆረጥኩ። ጭስ ማውጫዋን ከክር ማጠንጠኛ እንጨት አደረግሁ፣ መስኮቶቿን በጋለ ምስማር በሳኋቸው፣ የበረንዳዋን አጥር ከስፒል ሠራሁት። አምስት ወር ፈጀችብኝ። በጎማላካ አብርቼ የሱቁ መስኮት ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ያይ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ቀጭን፣ ጢሙን ሒና የተቀባ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰውዬ ጥላውን እንደያዘ መስኮቱ ፊት ቆመና ሳቀ። ወጣሁበት።

«የማን ነው ይሄ?» አለኝ።

«የኔ።»

«ባሕር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ያስታውቃል። ይሄ ቤት ነው። ቤት ሠርተህ ጭስ ማውጫ አቁመህለታል። አቦ ውሃ የት አለ? ና እንየው።»

እንጨት የምንዘፈዝፍበት ገንዳ ጓሮ ነበር። በንዴት አንሥቼ መርከቤን ውሃው ላይ አኖርኳት። ለሦስት ትንፋሽ ያህል ቆመች፤ ከዚያ ጎኗን ሰጠችና ጭስ ማውጫዎቿ ውሃ ውስጥ ገቡ። ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰውዬው ግን መሳቁን ትቶ እጅጌውን ሰበሰበ፣ መርከቤን ከውሃ አወጣት፣ በሽርጡ ጫፍ አደረቃት። «እጅህ ጥሩ ነው። የሚያሳይህ ሰው ነው ያጣኸው» አለኝ። እንዲህ ነው ከአዴር ጂብሪል ጋር የተዋወቅነው።

ዘይላ፣ ሱማሌ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው የተወለደው። አባቱ ናኩዳ ነበር፣ ሳምቡክ የሚሉት የባለ ሸራ ጀልባ ካፒቴን። እሱ ግን ገና በወጣትነቱ ባሕሩን ትቶ በባቡር ድሬ መጣና መጋላ ገበያ ውስጥ ገመድ፣ ሲባጎና የፋኖስ ክር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ለምን ባሕሩን እንደተወ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲያ የእንቅልፍ ሰዓቴ እሱ ቤት ሆነ። ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለን፣ ጫታችንን ይዘን፣ ልጁ ሰፊያ የምታመጣልንን ሀሸራ፣ የቡና ገለባውን ሻይ፣ በዝንጅብል እየጠጣን እንጨት እንፍቃለን። ሰፊያ ያኔ ለጋብቻ የደረሰች ቆንጆ ነበረች፤ ወሬያችንን እየሰማች ትስቅብን ነበር። እኔ መጀመሪያ አጥንት አቁሜ በላዩ ሳንቃ ልለብጥ ስል እጄን ይመታኛል። «አይደለም! መጀመሪያ ቆዳው፣ ከዚያ አጥንቱ!» የሱ አገር ሰው ሳንቃውን ከሳንቃ እያገጠመ ያሳድግና የውስጥ አጥንቱን በኋላ ያስገባል። ወረቀት ላይ አይነድፍም፤ በጣቱና በስንዝሩ ለክቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ እንጨቱን በመዳፉ ይዳስሳል፣ እዚህ ጋ ወፍሯል ይለኛል፣ ወፍሮም ይገኛል። ሲያልቅ የሚቀባው ዘይት ብቻ ነው። «ባሕሩ ዳር የዓሣ ዘይት ነው። ድሬ ዓሣው ከየት ይመጣል? ሰሊጥ ይበቃታል» ይላል።

የራሱ ሳምቡክ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነበረች። ስሟ ራሕማ ነው፣ በአባቱ ጀልባ ስም። ርዝመቷ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ከስንት ዓመት የሰሊጥ ዘይት የተነሣ ጠቁራለች፣ ብልጭታ የሚባል ነገር የላትም። ሸራዋ ሰማያዊ ቀጭን መስመር ያለበት፣ ከመታጠብ ብዛት የነጣ ጨርቅ ነበር። ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን አለማለቋ ነው። ሹካኗ፣ ማለትም ከኋላ ያለው መሪዋ፣ አልተገጠመም። ተሠርቷል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል፣ ግን አልተገጠመም። እኔ ያላለቀ ሥራ ሳይ ጥርሴን ያመኛል።

«አዴር፣ ለምንድን ነው የማትገጥመው?»

«ጊዜው ሲደርስ።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«አቦ ተወኝ በላቸው! ጀልባዋ የኔ ነች ያንተ?»

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። ከዚያ የአዴር ዐይን ሞራ ጋረደው። ጅቡቲ ያለ ዘመዱ ሐኪም አገኘሁልህ ብሎ ላከበት። ደረቁ ወራት ነበር፤ ድሬ እንጨት የሚሰነጠቅበት ጊዜ ነው፣ ከራሕማ ጎን አንዱ ሳንቃ ከፈት ብሎ ነበር። ከመሄዱ አስቀድሞ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሱቃችን አመጣት። «ይቺን ስንጥቅ ብቻ። ሌላ ምንም አትንካ። እርጥብ ጆንያ አልብሳት» አለኝ። ወላሂ አልነካም አልኩት። ክርስቲያን ወላሂ ቢል ድሬ የሚገረም የለም፤ መሐላውን የበላሁት ግን እኔ ነኝ።

ስንጥቁ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ጠግኜ ጆንያዋን አለበስኳት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በዚያ ሳምንት ከተማው የእጅ ሥራ ትርኢት ሊያዘጋጅ ነው ተባለ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከቤተ መንግሥት፣ ትልቅ እንግዳ በባቡር ይመጣል። ዘንባባ ተቆርጦ ተተከለ፣ የአጥሮች ግርጌ ኖራ ተቀባ። ሙሴ ኒኮላ መጣና «በላቸው፣ ከኛ ቤት ምን እናሳያለን?» አለኝ። የካላንደሯን መርከብ ከገንዳው ቀን ጀምሮ ማየት አልወድም ነበር። በአዴር ቤት የሠራኋቸው ሁለት ትንንሽ ሳምቡኮች ደግሞ ጠማሞች ናቸው። ራሕማ ጆንያዋን ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች። ለአዴር ክብር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወይም እንደዚያ እንዳሰብኩ ለራሴ ነገርኩት። ሁለት ቀን አሳይቼ እመልሳታለሁ፣ እሱም አያውቅም።

መጀመሪያ አቧራዋን ብቻ ነበር የጠረግሁት። ከዚያ አንድ ጎኗን በብርጭቆ ወረቀት ሞከርኩት፤ ከጥቁሩ ሥር ቀይ የሚያምር እንጨት ብቅ አለ። ጨራሽ ለሆነ ሰው ከዚህ በኋላ ማቆም የለም። የስንት ዓመት ዘይቱን ላጥኩት። ጎማላካዬን አዘጋጀሁና ጨርቅ ፈለግሁ፤ ትርኢቱ ስለደረሰ የሱቁ ጨርቅ ሁሉ በሌሎቹ እጅ አልቋል። ዐይኔ ሸራው ላይ አረፈ። ፈትቼ በጣቶቼ መሃል አሸሁት። እንደዚያ የለሰለሰ ጥጥ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። ሸራ መሆኑ ጠፋብኝ፤ ያየሁት የእጄን ዕቃ ነው። በመቀስ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ጥጥ ጠቀለልኩበት፤ የተረፈውን ወለሉ ላይ ጣልኩት፣ ማታ ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርጎ ተቃጠለ። ሦስት ቀን አሸኋት። ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ነጭ ሳቲን አስቆርጬ አዲስ ሸራ ሰቀልኩላት። በመጨረሻ ከሆዷ ወረቀቱን አወጣሁና ሹካኑን ገጠምኩት። ልክ ብሎ ገባ። ኃጢአት ነው ብዬ ይህን ልደብቅ አልችልም፤ እንደዚያ አድርጌ የጨረስኩት ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለኝም።

በትርኢቱ ቀን ሙሴ ኒኮላ በካርቶን ላይ የእኔን ስም ጽፎ ከፊቷ አቆመው። አየሁት፣ አላነሣሁትም። እንግዳው በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲያልፉ እሷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጓንታቸውን አውልቀው ጎኗን ዳሰሱ። «ባሕር በሌለበት አገር ይህን የሠራው ማነው?» አሉ። ገፍተው ወደ ፊት አወጡኝ፣ እጅ ነሣሁ፣ ተጨበጨበ። አንድ ሹም ጆሮዬ ላይ፣ እንግዳው ወደዋታል፣ በስጦታ ትሰጣቸዋለህ አለኝ። እምቢ ማለት ከባድ ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰው ይረዳኛል። ግን እምቢ ማለት አያስፈልግም ነበር። የሌላ ሰው ናት ማለት ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል። አላወጣኋቸውም። ራሕማ በሣጥን ታሽጋ በማግስቱ በባቡር ሄደች፤ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ክንዴ ላይ የእጅ ሰዓት ታሰረልኝ። በዚያ ሁሉ ግርግር የጨርቁን ጣሳ ሳልከድነው ቀረሁ፣ እኔ በላቸው፣ ሌላው ሳይከድን ሲሄድ የምሳደበው ሰውዬ።

አዴር ጂብሪል ሲመለስ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ጠበቅሁት። አንድ ዐይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ወረደ። ዕቃውን ተቀብዬ እዚያው የባቡሩ ሞተር ሳይበርድ ነገርኩት። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ ስንጥቁ እስኪደርቅ ሱቁ በር ላይ አስቀምጬያት ሹማምንቱ አይተው ለትርኢቱ ወሰዷት፣ ከዚያ ለቤተ መንግሥት ትልቅ ሰው ተሰጠች፣ ምን አቅም ነበረኝ። ሰዓቱን ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስለ ጀልባዋ አንድ ቃል አልወጣውም።

«ሸራዋስ?» አለኝ።

«አብሯት ሄዷል።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ደረቱ ወረደ።

ቤቱ እስክንደርስ ክንዴን ይዞ ሄደ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ በሦስት ዓመት ያልነገረኝን ነገረኝ። ዑስማን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። አዴር ሚስት ያገባበት ሳምንት ራሕማ፣ ዋናዋ የአባቱ ጀልባ፣ ጭነት ይዛ ልትነሣ ነው፤ ሹካን የመያዙ ተራ የአዴር ነበር። ዑስማን «አንተ ሠርግህን ብላ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» አለው። ራሕማ አልተመለሰችም። ሰውም ሳንቃም አልተገኘም። «ሲሄድ ሽርጡ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር» አለኝ። «አልደረቀም ነበር። ይድረቅ፣ ስመጣ እለብሰዋለሁ ብሎ ጥሎት ሄደ። እናቴ እስክትሞት አቆየችው። እኔ ሸራ አደረግሁት። ሹካኑን የማልገጥመው ተራው የኔ ስለነበረ ነው። ዑስማን መቃብር የለውም በላቸው። መቃብሩ ያ ጨርቅ ነው።» ከዚያ ባልተሸፈነው ዐይኑ እያለቀሰ ሳቀ። «ዋርያ፣ አሁን አስበው! ድሃው ዑስማን ቤተ መንግሥት ገባ!»

እንዴት ከዚያ ቤት እንደወጣሁ አላውቅም። ሱቅ ደርሼ ጣሳውን አየሁ። ጨርቁ ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እጄ የጨበጠበትን ቅርጽ ይዞ ጠንክሯል። ስፒሪቶ ቢጠጣ እንደሚለሰልስ አውቃለሁ። ግን አለስልሼ ለማን ልሰጠው? ክዳኑን ጫንኩበት። ሰዓቱን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት፣ ጣሳውን ወደ ቤቴ ወሰድኩት፣ ከዚያ ወዲህ በተከራየሁበት ቤት ሁሉ አልጋዬ ሥር ነው ያደረው።

ሰው ከበደለው ሰው የሚርቅ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን እሱ ቤት መሄዴን አላቆምኩም፤ ብቀር ይጠረጥራል ብዬ ነው መጀመሪያ፣ በኋላ ደግሞ ስለምወደው ነው። ያ የባሰ ነበር። በጫት በርጫ ላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር የዑስማንን ነገር ያነሣል። «ወንድሜ ቤተ መንግሥት ነው! በላቸው ምስክር ነው!» ይላል፤ ዐይኖች ሁሉ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስንት ዓመት ነቀነቅሁ። ጀልባ ግን ከዚያ በኋላ አልሠራም። እኔም አልሠራሁም፤ ሳምቡክ ቀርቶ የሳሙና ሳጥን ላይ ሸራ አልሰቀልኩም። ዘመኑ ተለወጠ፣ ሙሴ ኒኮላ ወደ አገሩ ገባ፣ የከዚራ ቤቶች ባለቤታቸውን ለወጡ። አዴር ታሞ ሲተኛ ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። «አዴር፣ ያ ሸራ...» አልኩ። «አዎ፣ እሱ ደህና ቦታ ነው» አለኝና እጄን ጨመቀኝ። ደስታውን አልቀማውም ብዬ ተመለስኩ። ሩኅሩኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ፈሪ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው፣ አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ።

ዓርብ ዕለት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጣሳውን በፌስታል ይዤ ሰፊያ ቤት ሄድኩ። ያው የድሮው ግቢ ነው። ነጃት ስልኳን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሰፊያ የጉዞ ሻንጣዋን አውጥታለች፤ ከላይ አዲስ ሻርፕ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«መጀመሪያ የትኛው መሥሪያ ቤት እንሂድ አባባ?» አለች ነጃት።

«የትም አትሂዱ» አልኳት። ጣሳውን ምንጣፉ ላይ አኖርኩትና ከፈትኩ። ከዚያ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሰዓቱንም፣ ወላሂውንም፣ የተቃጠለውንም ግማሽ። ነጃት በመሃል ተነሣች። «ስንት ዓመት ሙሉ! አያቴ ይሄን ሁሉ ስታወራ እየሰማህ! ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አለችኝ። ሰፊያ አልጮኸችም። ድቡልቡሉን ከጣሳው አወጣችው፣ አሸተተችው፣ በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችው። እንጨት ነው የሚመስለው።

«ይለሰልሳል?» አለች።

«በስፒሪቶ። ሁሉም ላይለቅ ይችላል።»

«አለስልሰው።»

ነጃት ከፋርማሲ ስፒሪቶ ገዝታ መጣች፤ ጠርሙሱን አጠገቤ ስታስቀምጠው አላየችኝም። ሳህን ውስጥ ዘፍዝፌው ቁጭ አልኩ። ቀስ እያለ ቡናማ ውሃ ተፋ። ያን አፍስሼ ሌላ ጨመርኩ። ጨርቁን አልቀደድኩም። ውስጡ የነበረውን ጥጥ አወጣሁ፤ እጥፋቱን በጣቴ ፈለቀቅሁ። ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም በአንድ ጎኑ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወጣ። ሰፊያ ያን ስታይ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ከእጄ ወሰደችው፣ በሳሙና አጠበችው፣ ጨመቀችው። ግቢው ውስጥ የልብስ ገመድ አለ፤ የልጆቹን ልብስ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረገችና መሃሉ ላይ አሰጣችው። ከሁለት መዳፍ አይበልጥም፣ ጠርዙ ገና ቡናማ ነው።

ተነሥቼ ከዘራዬን ፈለግሁ። ሰፊያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ለኔ ነገርከኝ። አባቴ ግን ሳይሰማ ሞተ» አለች።

«አዎ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ቤቴ።»

ዞር አለች። «አልደረቀም» አለችኝ። «ቁጭ በል። እስኪደርቅ ትጠብቀዋለህ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ ገመዱ አድርጌ። ድሬ ሙቀት ውስጥ ያቺን የምታህል ጨርቅ ለመድረቅ ብዙ አትቆይም። ደረቀች። ተነሣ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም፣ እኔም አልተነሣሁም።